የተሸናፊ አግዳሚ

ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከሙስጠፌ ሱቅ ጀርባ፣
የቆርቆሮ በሩን ገፍተህ፣ ጎንበስ ብለህ ስትገባ፣
ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፤
ከሚያሸንፈው ይልቅ የሚበዛበት ተሸናፊ፣ ታዛቢና ታዳሚ።

እኔ ሰዓት ያዥ ነበርኩ። ደብተር ላይ ስም እጽፋለሁ፤
"አቦ አምስት ደቂቃ!" ሲሉኝ፣ እንዳልሰማ አልፋለሁ።

ባለቤቱ ጀማሉዲን፣ የምድር ባቡር መካኒክ ልጅ፣
ካባቱ የወረሰው ሀብት፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ጥሩ እጅ።
አሮጌዋ ፕሌይስቴሽን ዲስክ ማንበብ ሲያቅታት፣
ክዳኗን ነቅሎ፣ በጀርባዋ አስተኝቶ፣ የክብሪት እንጨት አስደገፋት፤
ዓይኗን በጥጥ ጠረገላት።
ቀትር ላይ፣ አስፋልቱ ከጫማ ሲጣበቅ፣
ማራገቢያውን ከእኛ ነጥቆ ለእሷ ሰጣት፤
እኛ በላብ ተጠመቅን፤ እሷን አንድም ቀን ሙቀት አልጣላት።

በዓመቱ ከታይዋን ተራ፣ በካርቶን መጣች አዲሷ፤
በጅቡቲ ይሁን በቶጎ ጫሌ፣ የምታውቀው እሷው ራሷ።
ዋጋዋን አልነገረንም።
የሚስቱን የኢፍቱን አንገት ግን ጎረቤት ሁሉ አየ፤
ወርቁ የነበረበት ቦታ፣ ከፊቷ በቀለም ተለየ።

ምስሏስ? ምን ይወራል! ሣሩ በነጠላ ይለያል፤
የበረኛው ላብ ሳይቀር፣ ከግንባሩ ሲወርድ ይታያል።
የሳቢያን ልጅ፣ የለገሃሬ፣ የገንደ ቆሬ፣ የመጋላ፣
የደቻቱን አሸዋ ተሻግሮ መጣ፤ አደነቀ፤ ጠየቀ ኋላ፦

"ጨዋታዋ ስንት ነው?" "አንድ።" "ዲስኳስ?" "አትቀበልም ቅጂ።"
"ጆይስቲኳስ?" "እሱም አንድ። ሁለተኛው ሌላ ሐብል ነው፣ ወዳጄ።"

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ "ኔትወርክ ስጡኝ" ትላለች፤
ጀማሉዲን ጣራ ወጥቶ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲይዝ፣
ባዶ ክብ ስታዞር ትውላለች።
አንድ ልጅ ነው የሚጫወት፤ ያሸነፈው ሰው የለውም፤
ግብ ሲያገባ ዞር ብሎ ያያል፤ የሚናደድለት የለም።

በዚያኛው ጥግ፣ በአሮጌዋ ዙሪያ፣ አግዳሚው ሊሰበር ደርሷል፤
ተሸንፎ የተነሣው፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ተመልሶ ተቀምጧል።
"እኔ ብሆን በግራ እሰጥ ነበር" ይላል፤
የአንድ ብር ለውዝ ለአምስት ይካፈላል።

ቡሽራ የሚባል ልጅ ነበር፣ በሦስት ዓመት አንዴም ያላሸነፈ፤
የዳቦ ብሩን ይዞ መጥቶ፣ ስድቡን ጠጥቶ ያረፈ።
የማን ጣት ወዴት እንደሚሄድ፣ እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም፤
ቡሽራ የሌለ ቀን፣ ላሸነፈውም ድሉ አይጥመውም።

ለረመዳን ሦስት ቀን ሲቀር፣ አዲሷን በሽርጥ ጠቅልሎ፣
ለአንድ የባንክ ሰው ሸጣት፣ በግማሽ ዋጋ፣ "ለልጅህ ትሁን" ብሎ።
ሲመለስ ደብተሬን ገለጠ፤ ስሞቹን በጣቱ ቆጠረ፤
"የገዛሁት ማሽን ነው" አለኝ፤ "የሚያስፈልገኝ አግዳሚ ነበረ።"

ወርቁ ግን አልተመለሰም። ኢፍቱ እስካሁን አንዳንዴ ታነሣበታለች።

ሠሪዎቿ፣ በሩቅ አገር፣ ፍጥነቷን ለክተው ይሆናል፤
አቧራውን፣ የመብራቱን አመል፣ የቡሽራን ዳቦ ማን ለክቷል?

ትናንት በዚያ አለፍኩ። ቤቱ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል፤
አግዳሚው በረንዳ ወጥቶ፣ የባጃጅ ሾፌር ያርፍበታል።
አንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ኳስ ይጫወታል፣ ብቻውን፤
ተቀመጥኩ። አላስቻለኝም።
"አቦ በግራ ስጠው!" አልኩት፣ ሳላውቀው ስሙን።
ቀና ብሎ ገላመጠኝ። ከዚያ ትንሽ ሸሸት አለና፣
ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለ፤
"በየት?" አለኝ እንደገና።